ከወገብ በላይ፣ ከወገብ በታች፦ የአንድ ወጥ የውስጥ ልብስ ታሪክ



የዛሬው ርዕሴ ለታሪክ ጥናት የሚያንስ ሊመስል ይችላል። በበረዶ ላይ በስኪ የሚንሸራተት ሰው ከቆዳው ጋር አያይዞ የሚለብሰው ሙቀት ጠባቂ ልብስ ከአንገት እስከ እግር አንድ ወጥ ይሁን፣ ወይስ ከላይና ከታች ለሁለት ይከፈል? በገበያ ይህ የዋጋና የምቾት ጥያቄ ነው። ከጥያቄው በስተጀርባ ግን የመቶ ኀምሳ ዓመት ክርክር አለ፤ አንድ ወጡን ልብስ ወደ ክርክሩ ያመጣው ደግሞ ብርድ ሳይሆን የሴቶች ወገብ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የነበረች የአሜሪካ ከተሜ ሴት የውስጥ ሸሚዝ፣ የውስጥ ሱሪ፣ ኮርሴትና ብዙ የውስጥ ቀሚስ ደራርባ ትለብስ ነበር። የዚህ ሁሉ ክብደትና ማሰሪያ ያረፈው ወገቧ ላይ ነው። በ1851 አሚሊያ ብሉመር አጭር ቀሚስ ከሰፊ ሱሪ ጋር መልበስን በጋዜጣዋ ብታስተዋውቅ የመንገድና የጋዜጦች መሳለቂያ ሆነች። ከዚያ በኋላ ለውጥ ፈላጊዎች ዐይን ወደማያየው ልብስ ጭምር ፊታቸውን አዞሩ። በ1874 አባ ዉልሰን በቦስተን ስለ ሴቶች ልብስና ጤና የተሰጡትን የአደባባይ ንግግሮች በመጽሐፍ አሳተመች። በማግስቱ ዓመት የማሳቹሴትሷ ሱዛን ቴይለር ኮንቨርስ የላይኛውንና የታችኛውን የውስጥ ልብስ ያጋጠመ፣ «የነጻነት ልብስ» የተባለ ሥራዋን በፈጠራ ባለቤትነት አስመዘገበች። በዚህ ልብስ ቀሚሶች በቁልፍ ስለሚያያዙ ክብደቱ ከወገብ ወደ ትከሻ ተዛወረ። ኮንቨርስ ከእያንዳንዱ ልብስ 25 ሳንቲም ትቀበል ነበር። የሴቶች ክበብ አባላት ክፍያውን እንድትተው ቢጠይቋት፣ ለሴቶች መብት የቆሙ ሰዎች የአንዲትን ሴት ድካም ያለ ዋጋ መፈለጋቸው እንዳስገረማት መለሰችላቸው።

አንድ ወጡ ልብስ ከሴቶች የልብስ ለውጥ ጥያቄ ጋር እንዲህ ተያያዘ። ሱፍን የጤና ጉዳይ አድርጎ ያገነነው ግን ጀርመናዊው የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ ጉስታፍ ዬገር ነው። ዬገር በ1880ዎቹ ከዕፅዋት የተሠራ ጨርቅ ከሰውነት የሚወጣውን ጎጂ ትነት አፍኖ እንደሚይዝ፣ የእንስሳ ጠጉር ግን እንደሚያሳልፈው ሰበከ። በ1884 ሉዊስ ቶማሊን በለንደን በስሙ ድርጅት አቋቋመ፤ ጸሐፌ ተውኔቱ ጆርጅ በርናርድ ሾም ከደንበኞቹ አንዱ ሆነ። የዬገር ማስረጃ ደካማ ነበር፤ ምክሩ ግን ለብርድ አገር ሰው ጠቀመ። ሱፍ ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋ እርጥበት ወደ ክሩ ውስጥ ስቦ ሲያስገባ ገጹ ገና እርጥብ አይመስልም፤ እርጥበቱን ሲስብም ጥቂት ሙቀት ይለቃል። ጥጥ ግን ላብ ከጠጣ በኋላ በቆዳ ላይ ተለጥፎ ያቀዘቅዛል።

በ1888 ኖርዌያዊው ፍሪድቾፍ ናንሰን ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ግሪንላንድን በስኪ ሲያቋርጥ ሌሊቱ ከዜሮ በታች 45 ዲግሪ ያህል ይወርድ ነበር። የናንሰን ዋና ልብስ የእንስሳ ቆዳ አልነበረም፤ በቆዳው ላይ የለበሰው ስስ የሱፍ ሸሚዝና ስስ የሱፍ የውስጥ ሱሪ ነው። ልብሱ ባለ ሁለት ክፍል እንደነበር ልብ በሉ። ይህ ምስክርነት ለአንድ ወጡ ልብስ ጠበቆች አይመችም። ሰውየውን ያዳነው የልብሱ ወጥነት ሳይሆን ደራርቦ የመልበስ ዘዴውና የሱፉ ጠባይ ነው።

በ1933 ሌላው ኖርዌያዊ፣ መኮንኑ ሄንሪክ ብሩን፣ ከአሮጌ የዓሣ መረብ ካናቴራ ሠራ። ቀዳዳዎቹ አየር ይይዛሉ፤ ላብም በእነሱ በኩል ይወጣል። በ1970ዎቹ ደግሞ የኖርዌዩ ሄሊ ሃንሰን ውኃ ፈጽሞ ከማይጠጣው ፖሊፕሮፒሊን ክር የውስጥ ልብስ አቀረበ። ቶሎ ይደርቃል፤ ጠረኑ ግን አስቸገረ። የሜሪኖ በግ ቀጭን ሱፍ ወደ ስኪ ተራሮች መመለሱ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በዚህ ሁሉ ሂደት የማየው አንድ ነገር ነው፤ ፈጣሪዎቹ የተፋለሙት ከውጭው ብርድ ይልቅ ከውስጡ ላብ ጋር ነበር።

ታዲያ ዛሬ የሚመርጥ ሰው ምን ይጠይቅ? አስቀድሞ፣ መቼ ነው የሚያልበኝ? ይበል። በ2006 በቱሪን ኢትዮጵያን በክረምት ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም የተወዳደረበት የአገር አቋራጭ ስኪ ሰውነትን ያለ ዕረፍት የሚያሠራ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ስፖርት ስስ ልብስ ይበቃል። ቁልቁል የሚንሸራተት ሰው ግን ካላበው በኋላ በሊፍት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነፋስ ይመታዋል። ሲወድቅም በረዶ በወገቡ በኩል ይገባል። ከወገብ ላይ ክፍተት የሌለው አንድ ወጥ ልብስ የሚያሸንፈው እዚህ ላይ ነው። የእግሩ ርዝመትም ከቡት ጫማው አፍ በላይ ቢያበቃ ይመረጣል፤ በጠንካራው ቡት ውስጥ የታጠፈ ጨርቅ ቅልጥምን ይቆረቁራልና።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ እንዴት ይከፈታል? የሚለው ነው። በመጸዳጃ ቤት ሙሉ በሙሉ ካልወለቀ የማያገለግል ልብስ፣ በተለይ ለሴት፣ ከተራራው ብርድ የማይተናነስ ችግር ያመጣል። ወገብን ከኋላ ዞሮ ከዳሌ እስከ ዳሌ የሚከፈት ዚፕ ይህን ይፈታል። ዚፑ ከሌለ ባለ ሁለት ክፍሉ ይሻላል፤ ናንሰንም አላፈረበትም።

ይህን የምለው ስለ ዚፕ ብቻ አይደለም። የኮንቨርስ ልብስ የተፈጠረው አንዲት ሴት የሴትን አካል መለኪያ አድርጋ ስላሰበች ነው። ያ መለኪያ በተረሳበት ቦታ «የነጻነት ልብስ» መልሶ እስር ይሆናል። ልብስ ስንመርጥ፣ ሲቆረጥና ሲሰፋ የማን አካል እንደታሰበ መጠየቅ የታሪክ ተማሪም የገዢም ተግባር ነው።