የጎሬው ጦርና የራግቢ መጽሐፍ

የእህቴ ልጅ ከለንደን ሲመጣ ሁለት ነገር ይዞልኝ መጣ፤ ስለ ራግቢና ስለ እንግሊዝ ግዛት የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍና አንድ ሞላላ ኳስ። ኳሱን የሰፈር ልጆች ወሰዱት። አንዱ አገላብጦ አየውና «ቲቸር፣ ይሄ ኳስ ምን ሆኖ ነው? ሰው ተቀምጦበት ነው?» አለኝ። ጡረታ ብወጣም ለመቱ ልጆች እስካሁን ቲቸር ነኝ። መጽሐፉን ግን ለማንም አልሰጠሁም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ክረምቱን ሙሉ አነበብኩት።

እንግሊዝና ስኮትላንድ በመጋቢት 1863 ዓ.ም. ኤድንብራ ላይ ከተጋጠሙ ወዲህ ጨዋታው የእንግሊዝ ባንዲራ በደረሰበት ሁሉ ደረሰ። ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካም ያስተማሯቸውን ማሸነፍ ለመዱ። ፈረንሳይ ዘግይታ ገባችና በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ እንግሊዝን ገጥማ 35 ለ 8 ተረታች። እዚህ ስደርስ እርሳሴን አነሳሁ። እነዚሁ ሁለት አገሮች ከዚያ ሰባት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ሊዋጉ አንድ ሐሙስ ሲቀራቸው፣ የተፋጠጡት ከኛ ደጋ የሚወርደው ውሃ በሚደርስበት አገር ነበር።

ሁለቱም የሚሽቀዳደሙት ነጭ ዓባይን ቀድሞ ለመያዝ ነበር። ፈረንሳይ ሻምበል ማርሻንን በኮንጎ በኩል ነጭ ዓባይ ዳር ወዳለችው ፋሾዳ ላከች። ከምሥራቅ ደግሞ የፈረንሳዊው ቦንሻን ጓድ በአዲስ አበባ አልፎ ጎሬ ገባ። ከጎሬ ወደ ቆላው ወረደና ስንቅ አልቆበት፣ በሽታ ጥሎት፣ ታኅሣሥ 1890 ዓ.ም. ነጭ ዓባይን ሳያይ ተመለሰ።

ያንን መንገድ የጨረሱት የኢሉባቦሩ ገዥ ደጃዝማች፣ በኋላ ራስ ቢትወደድ፣ ተሰማ ናደው ናቸው። ጦራቸውን ይዘው ወረዱ፤ ሁለት ፈረንሳዮችና አርታሞኖቭ የሚባል ሩሲያዊ ኮሎኔልም አብረዋቸው ነበሩ። ሰኔ 1890 ዓ.ም. ሶባት ከነጭ ዓባይ ከሚቀላቀልበት ደረሱ። የፈረንሳይን ባንዲራ ወንዙ መሀል ካለችው ደሴት መትከል ቢያስፈልግም ፈረንሳዮቹ ለዋና የሚሆን አቅም አልነበራቸውም። ከቆላው ሰዎች አንዱ «እኔ ልውሰደው» ብሎ ውሃ ሲገባ አርታሞኖቭ አላስችለው አለና ሁለት ኮሳኮቹን አስከትሎ አዞ ያለበት ውሃ ውስጥ ዘሎ ገባ። ባንዲራው ተተከለ። ጠባቂ ግን አልቀረም፤ ጦሩ በወባና በረሃብ እያለቀ ስለነበር ወደ ደጋ ተመለሰ። ማርሻን ሐምሌ ላይ ፋሾዳ ሲደርስ የሚጠብቀው ሰው አላገኘም። መስከረም 1891 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ኪችነር በመድፍ ጀልባዎች መጣ።

ድሮ በራግቢ ኳሷን ከባላጋራ መስመር አሳልፎ መሬት ያስነካ ቡድን ነጥብ አይሰጠውም ነበር። የሚያገኘው ወደ ጎል የመምታት ፈቃድ ብቻ ነው። ጨዋታውን ያልወደድኩት ሰውዬ ይህቺን ሕግ ግን ወደድኳት። የተሰማ ጦር ማንም ሳይቀድመው መሬቱን ነክቶ ነበር፤ ጎሉን የመታው ግን ኪችነር ነው።

ማርሻን ታኅሣሥ ላይ ፋሾዳን ሲለቅ በእንግሊዞች መንገድ አልወጣም። በሶባትና በባሮ ሽቅብ መጣና ጀልባውን ትቶ ሴኔጋላውያን ወታደሮቹን ይዞ በኛ ዳገት ወደ አዲስ አበባ አቀና።

ከመጽሐፉ ጋር የምጣላው እዚህ ላይ ነው። ለደራሲው አፍሪካ ሜዳ ናት፤ ተጫዋቾቹ ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። ምኒልክ ግን በ1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ ነገሥታት በላኩት ደብዳቤ ወሰናቸውን እስከ ካርቱም ያደረሱ ሰው ናቸው። ካርቱምን አላገኙም። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ውል እንግሊዝ ለንግድ ጣቢያ ብላ ባሮ ዳር መሬት ስትጠይቅ ግን የሰጧት በኪራይ ነው። ስፋቱ ከ400 ሄክታር፣ የወንዙ ዳር ርዝመት ከ2,000 ሜትር እንዳይበልጥ፤ ለጦር ሥራ እንዳይውል፤ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ እጅ እስካለች ድረስ ብቻ። ሜዳ እንዲህ አይዋዋልም።

የጋምቤላ ጣቢያ የተቆረቆረው በዚያ ውል ነው። አያቴ ከጎሬ በቡሬ በኩል ቡና ጭነው ይወርዱ ነበር። ቡናው የሚለቀመው ከመስከረም በኋላ፣ መርከቡ ከካርቱም የሚመጣው ግን ባሮ ሲሞላ በክረምት ነው፤ በበጋ የወረደው ቡና መጋዘን ውስጥ ወራት ይጠብቃል። ከቡሬ በታች ገንዲ የሚባለው የእንስሳት በሽታ አለ። አያቴ በቅሎ ወርዳ ከተመለሰች እንኳ ለወራት ዓይን ዓይኗን ያዩ ነበር ይባላል፤ ገንዲ ቀስ ብሎ ነው የሚገድል። ሲመለሱ ጨውና አቡጀዴ ይጭናሉ። ሂሳቡን የሚይዙት ግሪኮችና ሶሪያውያን ነጋዴዎች ነበሩ፤ አያቴ ቁጥሩን በግሪክኛ ሲቆጥሩ እሰማ ነበር፤ ጸሎት ይመስለኝ ነበር።

ጎሬ ላይ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበር፤ ኋላ ጣልያን መጣ። በ1933 ዓ.ም. ጣልያንን ከዚህ አካባቢ ለማስወጣት ከተሰለፉት መካከል ከቤልጅግ ኮንጎ የመጡ ጥቁር ወታደሮች ይገኙበታል። የጣልያኑ ጄኔራል ጋዜራ ጦር ሰኔ መጨረሻ ላይ ደምቢዶሎ አካባቢ እጁን የሰጠው ለቤልጅጎች ነው። ብራስልስ ራሷ ያኔ በጀርመን ተይዛ ነበር! ይህን ለተማሪዎቼ ስናገር ሁልጊዜ አንዱ «ቲቸር ቀልደኛ» ይለኛል።

ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ ኪራዩ አበቃና ጋምቤላ ተመለሰች። የመቱና የጎሬ ቡናም ዛሬ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሯል፤ በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ይሄዳል።

በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ የጻፍኩት በእርሳስ ነው፤ ይጠፋል። ጎሬ፣ ቡሬ፣ መቱ ያላችሁ፣ በአያቶቻችሁ ሣጥን ውስጥ የጋምቤላ የቡና ደረሰኝ ወይም ከነጋዴዎቹ ጋር የተጻጻፉት ደብዳቤ ካለ፣ ለምድጃ ማቀጣጠያ አታድርጉት። ማንበብ ካቃታችሁ አምጡልኝ፤ አብረን እናየዋለን።