የሐሙስ ገበያና የዘወትር ሱቅ፦ የጅማን የንግድ ታሪክ ከበረንዳው ስለ መጻፍ

ስለ ጅማ ንግድ የጻፈ ሁሉ ስለ ሂርማታ የሐሙስ ገበያ ጽፏል። ሐሙስ ሲመሽ ገበያተኛው ይበተናል፤ ጸሐፊውም አብሮት ይሄዳል። ዓርብ ጧት በፈረንጅ አራዳና በሂርማታ መርካቶ በረንዳዎች ሥር በሩን የሚከፍተው ባለሱቅ ግን ታሪክ ጸሐፊ አላገኘም። የዚህ መጣጥፍ ክርክር አንድ ነው፦ ጅማን ከገበያ ሜዳነት ወደ ከተማነት ያሸጋገራት ዘወትር የሚከፈተው ሱቅ፣ በተለይም ሱቁን ከቡና ገበሬው ጋር ያስተሳሰረው ዱቤ ነው። ለዚህ ዋናው ማስረጃ ደግሞ እስከ ዛሬ ችላ የተባለው የባለሱቆችና የደንበኞቻቸው ትዝታ ነው።

የቀደሙትን ጥናቶች በአጭሩ ላንሳ። መሐመድ ሐሰን ስለ ኦሮሞ ታሪክ የጻፉት መጽሐፍ እስከ 1860 እ.ኤ.አ. ይደርሳል፤ በጊቤ ነገሥታት አደባባይ አጠገብ ስለ ነበሩት የነጋዴ ሰፈሮች ያስቀመጡት የሚያከራክር አይደለም። ጉልማ ገመዳ የመሬትና የእርሻን ጉዳይ በሚገባ መርምረዋል። የሪቻርድ ፓንክረስት የኢትዮጵያ ከተሞች ታሪክ ሁለተኛ ቅጽ በ1935 እ.ኤ.አ. ይቆማል፤ የበረንዳ ሱቆቹ የደመቁት ከዚያ በኋላ ስለሆነ ሊወቀሱ አይችሉም። ከእነዚህ ሊቃውንት ጋር ሙግት የለኝም።

ሙግቴ ከኸርበርት ሉዊስ ጋር ነው። ሉዊስ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ ከ1830 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የነበረውን የጅማ አባ ጅፋርን መንግሥት የሚተርከው መጽሐፍ እስከ ዛሬ የሁሉም መነሻ ነው። በእሳቸው ሥዕል ሁሉም ነገር የንጉሡ ቤተ መንግሥት ካለበት ከጅሬን ኮረብታ ይወርዳል፦ ሹመቱ፣ ኬላው፣ ቀረጡ፣ ገበያውም ጭምር። ንጉሡ ነጋዴውን ይጠብቃል፣ ኬላ ጠባቂው መንገዱን ይቆጣጠራል፣ ገበያው በንጉሡ ጥላ ሥር ይለመልማል። መጽሐፉ ስለ አስተዳደሩ የሚነግረን ብዙና ጠቃሚ ነው። ስለ ንግዱ ግን የተሳሳተ አቅጣጫ አስይዞናል፤ ስሕተቱንም ከራሳቸው ገጾች ማሳየት ይቻላል።

አንደኛው ማስረጃ ቁጥር ነው። ሂርማታ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ታላቁ ገበያ እንደሆነና በበጋ ጥሩ ቀን እስከ 30,000 ሰው እንደሚሰበሰብበት የመሰከሩት ሉዊስ ራሳቸው ናቸው። ይህን የጻፉት ግን ስለ ንጉሡ ስለ ዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን አይደለም፤ የጅማ መንግሥት ካበቃ ሩብ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ በዓይናቸው ስላዩት ገበያ ነው። ገበያው የንጉሡ ፍጡር ቢሆን ኖሮ በ1932 እ.ኤ.አ. አብሮት በተዳከመ ነበር። ንጉሡ ሄደ፣ ገበያው ጸና። የዚህን ምክንያት ከጅሬን ውጭ መፈለግ ግድ ነው።

ሁለተኛው ቦታው ነው። ቤተ መንግሥቱ ኮረብታው ላይ ቀረ፤ ከተማው ከታች፣ በአወቱ ወንዝ ዳርና ዳር፣ በገበያው ዙሪያ አደገ። ጣሊያኖች በ1936 እ.ኤ.አ. ጅማን ይዘው የጋላና ሲዳማ ግዛታቸው ዋና ከተማ ሲያደርጓት የሠሩት በሂርማታ ነው። ሥልጣን የንግዱን ዱካ ተከተለ እንጂ ንግዱ የሥልጣኑን አልተከተለም።

ሦስተኛው የምንጭ አድልዎ ነው። ሉዊስ የመንግሥቱን ታሪክ በሰፊው ያዋቀሩት ከሽማግሌዎች አፍ በሰሙት ነው፤ ማለፊያ ዘዴ ነው። ግን ያንን ሲሰሙ ሱቆቹ በአጠገባቸው ክፍት ነበሩ። የሹማምንቱ ልጆች የሚያስታውሱት ታሪክ ሆኖ የባለሱቁ ልጅ የሚያስታውሰው ወሬ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ያ ትዝታ ምን ይዟል? የጅማና የአጋሮ፣ የሊሙና የጎማ ሰዎች የድሮ ሱቅ ሲያወሱ ከሕንፃው አይጀምሩም፤ ከባለሱቁና ከመዝገቡ ይጀምራሉ። የየመን ዓረቡ ሱቅ ጧት ቀድሞ ይከፈታል። የጉራጌው ነጋዴ ባንኮኒ ላይ ጨው፣ ስኳር፣ ክብሪትና ሳሙና ተደርድሯል፤ ላምባው በጠርሙስ፣ አቡጀዲው በክንድ ይለካል። በረንዳው ላይ ልብስ ሰፊው ሲንጀሩን ይረግጣል፤ ጨርቁ ከውስጥ ተገዝቶ ከደጅ ይሰፋል። ሚዛኑም በሩ ላይ ነው፤ ገበሬው ጀንፈሉን የሚያስመዝነው እዚያው ሲሆን ሒሳቡ በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ ነው።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ቡና ብር የሚያመጣው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። ጨውና ላምባ ግን በክረምትም ያስፈልጋሉ። በሰኔ የተሟጠጠውን ጎተራና በኅዳር የሚደርሰውን ቡና ያገናኘው ባለሱቁ በእምነት የጻፈው ዱቤ ነው። ሐሙስ ገበያ ላይ የሚገናኙ እንግዶች ዱቤ አይሰጣጡም፤ ዱቤ የዘወትር በርና የታወቀ ፊት ይሻል። ስለዚህ የቡናው ምርት እየሰፋ በሄደ ቁጥር ገበያው ሳይሆን ሱቁ መብዛት ነበረበት፤ የሆነውም ይኸው ነው።

የትስስሩን ጥንካሬ ከሁሉ በላይ ያሳየው መበጠሱ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ወርኃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች ገባ። በቀጣዩ ዓመት የግል ንግድ በአንድ ፈቃድ ተወሰነ፤ የችርቻሮ ካፒታል ከ200,000 ብር፣ የጅምላው ከ300,000 ብር እንዳያልፍ ተደነገገ። ጨርቅ እየሸጠ ቡና የሚገዛው ሰው አንዱን መተው ግድ ሆነበት። ትዝታው የበረንዳውን መቀዝቀዝ ከዚህ ጊዜ ጋር ያያይዘዋል፤ የሕጉ ሐሳብም ይህንኑ ያረጋግጣል።

ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። በረንዳዎቹን የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው ይባል ይሆናል። ግንቡን ሠርተዋል፤ አምስት ዓመት ገዝተው በ1941 እ.ኤ.አ. ወጥተዋል። ግንብ ዱቤ አይሰጥም። ትዝታ ያለፈውን ያሳምራል የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞም የቀለለ ነው፤ ባለዕዳ ዕዳውን አሳምሮ አያስታውስም። እርግጥ ሂርማታ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሰው የሚሸጥበት ገበያም ነበረ፤ የነጋዴ ትዝታ ስለዚያ ዝም ሲል ዝምታውንም መመርመር ያስፈልጋል። ዋናው ክርክር ግን ከዚህ የተነሣ አይናወጥም።

ጉዳዩ የመጽሐፍ ሙግት ብቻ ቢሆን መታገሥ ይቻል ነበር። ነገር ግን ትዝታው ራሱ ሊጠፋ ይችላል፦ በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ፒያሳ አሮጌ ሱቆች ሲፈርሱ ባለሱቆቹ በአንድ ጊዜ ተበተኑ፤ ማን የት ይሸጥ እንደነበረ፣ ለማንስ ያበድር እንደነበረ የሚያውቁት ዛሬ በየአቅጣጫው ናቸው። በጅማ ይህ ሊደገም አይገባም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራንና ተማሪዎች የፈረንጅ አራዳንና የሂርማታ መርካቶን ሱቆች በር በበር ሊመዘግቡ ይችላሉ፦ ማን ከፈተው፣ ምን ሸጠ፣ ለየትኛው የቡና ቀበሌ አበደረ፣ በ1967 ዓ.ም. ምን ሆነ። የቀበሌ ኪራይ ደረሰኝና በየቤቱ የቀረው የዱቤ መዝገብ ከትዝታው ጎን ሲቀመጡ እርስ በርስ ይፈታተሻሉ። ያ ሥራ ሲጠናቀቅ የጅማ የንግድ ታሪክ ከጅሬን መውረዱ ይቀርና ከባንኮኒው ኋላ ይጀምራል፤ መጀመር የነበረበትም ከዚያ ነው።