ዲብሪፊንግ፦ የምልሰት ውይይት

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው አውቶቡስ ተከራይቶለት ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ላንጋኖ ይወርዳል። አንድ ዓይነት ካናቴራ ይታደላል። ገመድ ጉተታ፣ የጆንያ ሩጫ፣ ዐይኑን የተሸፈነ ባልደረባን በድምፅ መምራት፣ ማታ ደግሞ ሙዚቃና ጭፈራ አለ። ሰኞ ጠዋት ግን ሒሳብ ክፍልና ግዢ ክፍል እንደ ወትሯቸው በደብዳቤ መካሰሳቸውን ይቀጥላሉ። ለ“ቲም ቢልዲንግ”፣ ማለትም ለቡድን ግንባታ፣ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ፍሬ የሚያጣው ጨዋታው መጥፎ ስለሆነ አይመስለኝም። የሚጎድለው ከጨዋታው በኋላ መምጣት ያለበት ክፍል ነው። የሙያው ሰዎች “ዲብሪፊንግ” ይሉታል፤ እኔ “የምልሰት ውይይት” ብዬዋለሁ።

የምልሰት ውይይት አንድ ቡድን ሥራ ወይም ልምምድ እንደ ጨረሰ፣ ነገሩ ገና ትኩስ ሳለ የሚያደርገው አጭር ቆይታ ነው። ተሳታፊዎቹ ራሳቸው የሆነውን መለስ ብለው ያስታውሳሉ፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ምን እንደሚለውጡም ይስማማሉ። አሠራሩ ጥርት ያለ መልክ ካገኘባቸው ቦታዎች አንዱ ወታደር ቤት ነው። የአሜሪካ ምድር ጦር ከ1970ዎቹ ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከልምምድ በኋላ ወታደሩንም አዛዡንም አንድ ላይ እያስቀመጠ ያነጋግር ነበር። ጥያቄዎቹ ጥቂት ናቸው፦ ምን ሊሆን ታስቦ ነበር? ምን ሆነ? ለምን? የቱን እንያዝ፣ የቱንስ እንለውጥ? “ጥፋተኛው ማነው?” የሚል ጥያቄ በመካከላቸው የለም።

ጨዋታውና ውይይቱ እንዴት እንደሚያያዙ ለማየት በብዙ ሥልጠና ላይ የሚዘወተረውን የፓስታ ግንብ እንውሰድ። ለአንድ ቡድን 20 ዘንግ ፓስታ፣ አንድ ሜትር ገደማ ፕላስተር፣ ያንኑ ያህል ክርና ማርሽሜሎ የሚባለው ለስላሳ ከረሜላ አንድ ፍሬ ይሰጠዋል። በ18 ደቂቃ ውስጥ ያለ ድጋፍ የሚቆም ግንብ ሠርቶ ከረሜላውን ጫፉ ላይ ማስቀመጥ አለበት። ጨዋታውን ያመነጨው ፒተር ስኪልማን ሲሆን፣ ቶም ዉጄክ በ2010 በቴድ መድረክ ካቀረበው በኋላ በዓለም ዙሪያ ታወቀ። ዉጄክ እንደሚለው ከመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ያነሰ ግንብ ከሚሠሩት መካከል አዲስ የቢዝነስ ትምህርት ምሩቃን ይገኙበታል። ምሩቃኑ መሪ ለመሆን ይሻማሉ፣ ያቅዳሉ፣ ይስላሉ፤ በመጨረሻዋ ደቂቃ ከረሜላውን ሲያኖሩበት ግንቡ ይንኮታኮታል። ልጆቹ ግን ከመጀመሪያው አንስተው ከረሜላውን እያስቀመጡ፣ ሲወድቅ እያነሡ ይሠራሉ። ሌላም ነገር አለ፦ ዋና ሥራ አስኪያጆች ብቻቸውን ከሚሠሩት ይልቅ አንዲት ጸሐፊ አብራቸው ስትሆን የተሻለ ይሠራሉ። ሥራውን ማሳለጥና ሰዎቹን ማስማማት የምታውቀው እሷ ናትና።

ግንቡ ወድቆ፣ ተስቆ፣ ተጨብጭቦ ወደሚቀጥለው ጨዋታ ከታለፈ ግን ይህ ሁሉ ሳይታይ ይቀራል። ጥሩ አወያይ እዚህ ላይ ሰዎቹን ታስቀምጥና ትጠይቃለች። “ከረሜላው ይከብዳል ብሎ ቀድሞ የተናገረ ሰው ነበር?” ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ያውም ከሁሉም ታናሹ ወይም አዲሷ ተቀጣሪ። “ታዲያ ለምን አልተሰማችም?” ዝምታ ይሆናል። ከዚያ አንዱ “ፕላስተሩን ይዤ ስለነበር እኔ ነኝ የምወስነው ብዬ ነበር” ይላል። “ቢሮ ውስጥ እንዲህ የሆነው መቼ ነው?” የሚለው ጥያቄ ከዚህ ቀጥሎ ሲመጣ፣ ለወራት ታፍኖ የቆየው የግዢ ክፍል ጉዳይ በፓስታ ሰበብ ይነሣል። ጨዋታው ያስፈለገውም ለዚሁ ነበር፤ በፓስታ ላይ የተሠራ ስሕተት ማንንም ከእንጀራው ስለማያፈናቅል ለመናገር ይቀላል።

የታናሹ ድምፅ አለመሰማት ነፍስ የሚያስከፍልበት ሥራ አለ። በዲሴምበር 28 ቀን 1978 የዩናይትድ አየር መንገድ በረራ 173 ኦሪገን ውስጥ ፖርትላንድ ለማረፍ ሲቃረብ የማረፊያ ጎማው ላይ ችግር ተፈጠረ። ዋና አብራሪው በጎማው ላይ ተጠምዶ አንድ ሰዓት ያህል አየር ላይ ሲዞር ነዳጁ አለቀ፤ አውሮፕላኑ ከከተማዋ ዳርቻ ወድቆ 10 ሰዎች ሞቱ። ረዳት አብራሪውና የበረራ መሐንዲሱ ስለ ነዳጁ ተናግረው ነበር፤ አነጋገራቸው ግን ለአለቃ እንደሚነገር ለስላሳ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ናሳ በዚህ ጉዳይ ላይ ዐውደ ጥናት ጠራ፤ በ1981 ደግሞ ያው ዩናይትድ ለበረራ ሠራተኞቹ የቡድን ሥራ ሥልጠና ጀመረ። ዛሬ የአብራሪዎች ቡድን በሲሙሌተር አስመስሎ ከበረረ በኋላ ተቀምጦ ይወያያል፤ አንዳንድ ጊዜም የራሱን ቪዲዮ ያያል። ሥልጠናው ያለዚያ ውይይት አልተጠናቀቀም።

አሁን ወደ ስያሜው ልመለስ። “ዲብሪፊንግ”ን በአንድ ቃል ተርጉም የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው “ግምገማ”ን ነው። ስለ ሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ከሆነ ቃሉ ጥሩ ነው። በመሥሪያ ቤቶቻችን የኖረ ሰው ግን “ነገ ግምገማ አለ” ሲባል ምን እንደሚሰማው ያውቃል። ከትጥቅ ትግሉ ሜዳ መጥቶ ሲቪል ሰርቪሱ ውስጥ የተተከለው የግምገማ ስብሰባ፣ ከዚያም በፊት የነበረው “ሂስና ግለ ሂስ”፣ ሰው ተነሥቶ ጥፋቱን የሚናዘዝበት፣ ጓደኛ በጓደኛው ላይ የሚመሰክርበት መድረክ ሆነው ነበር። ያንን ስም ይዞ የመጣ ውይይት ሰዉን ገና ሳይጀመር ያስፈራዋል። “ምልሰት” ከዚህ ሸክም ነፃ ነው። የልብ ወለድና የፊልም ሰዎች ታሪክ ወደ ኋላ ሲመለስ የሚጠቀሙበት ቃል ስለሆነ፣ ከሰው ላይ ዐይን አንሥቶ በሆነው ነገር ላይ ያሳርፋል።

ስሙ ብቻውን ግን አያደፋፍርም። በእኛ አገር ታላቅን በአደባባይ ማረም ነውር ነው፤ “ጋሼ” ብሎ የሚጠራውን ኃላፊ “እርስዎ አልሰሙኝም” ማለት ለብዙ ወጣት ሠራተኛ የማይሞከር ነው። ይህን አክብሮት እንደ ጠላት ማየት አይገባም፤ መንገድ ግን ይፈለግለታል። አንደኛው መንገድ በኃላፊው እጅ ነው፦ “ያኔ ሐሳባችሁን ሳልጠይቅ ወሰንኩ” ብሎ የራሱን ስሕተት አስቀድሞ ይናገር፤ ስለሌላው ነገር ያለውን አስተያየት ግን ሁሉም ከተናገሩ በኋላ ይስጥ። ሰዉ መጀመሪያ ሁለት ሁለት ሆኖ ተነጋግሮ ቢመለስ ወይም በብጣሽ ወረቀት ስም ሳይጽፍ ቢሰጥም ይረዳል። እኔ ከሁሉም የማምነው ግን በኃላፊው ምሳሌነት ነው። መሪነት እዚያች ደቂቃ ላይ በዐይን ይታያል፤ ሠራተኛውም ሰኞ ምን ያህል መናገር እንደሚችል የሚለካው በዚያች ደቂቃ ነው።

ይህ ሁሉ ለነፍስ ደስ የሚል ወግ ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ታነንባውም እና ሴራሶሊ በ2013 የቀደሙ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ በሥርዓት የተመራ የምልሰት ውይይት የግለሰቦችንም የቡድኖችንም ውጤት በአማካይ ከ20 እስከ 25 በመቶ እንደሚያሻሽል ደርሰውበታል። ክላይንና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2009 የቡድን ግንባታን መርምረው፣ ይበልጥ የሚሠራው ግብን መወሰንና የእያንዳንዱን ድርሻ መለየት ሲኖርበት መሆኑን አገኙ።

ስለዚህ የመልስ ጉዞው አውቶቡስ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት፣ ቡና እየተፈላ፣ አንድ ሰዓት ለዚህ ይተው፤ ገመድ ጉተታው ቢቀነስም ግድ የለም። በመጨረሻም አንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ፦ የግዢ ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ማን ነው፣ በስንት ቀን ይመልሳል፣ ካልመለሰ ለማን ይደወላል። ወረቀቱ ለሁለቱም ክፍል ይሰጥ፤ ከአንድ ወር በኋላም በዚያው ወረቀት ላይ ሌላ የምልሰት ውይይት ይያዝ።