ሳይገመገም የሚሰራጭ ምርምርና የማጣቀሻ መዝገብ፦ ከደብዳቤ ሳጥን እስከ ኮቪድ-19

አንድ የምርምር ውጤት ከቤተ ሙከራ ወይም ከሕሙማን ክፍል ወጥቶ በመጽሔት እስኪታተም ድረስ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። ይህን የጥበቃ ጊዜ ለማሳጠር የተደረገው ጥረት ብዙዎች እንደሚገምቱት ከኢንተርኔት ጋር የተወለደ አይደለም። በ1955 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፍራንሲስ ክሪክ አሚኖ አሲዶችን ወደ ኑክሊክ አሲድ የሚያደርስ አንድ አገናኝ ሞለኪውል ሊኖር ይገባል የሚለውን ሐሳባቸውን ጽፈው አሰራጩ። አንባቢዎቹ «አር.ኤን.ኤ. ታይ ክለብ» የተባለው ማኅበር ጥቂት አባላት ብቻ ነበሩ፤ የማኅበሩ የአባላት ቁጥር በአሚኖ አሲዶቹ ልክ ሃያ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ያ ጽሑፍ በየትኛውም የምርምር መጽሔት በወግ ታትሞ አያውቅም። ሆኖም የሞለኪውል ባዮሎጂ ታሪክ ሲጻፍ ሳይጠቀስ አይታለፍም።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ይህን በወዳጆች መካከል የነበረ ልማድ ወደ ተደራጀ አሠራር ለመለወጥ ሞከሩ። ኤሬት አልብሪተን የተባሉ ሳይንቲስት በመሩት በዚህ ሙከራ ተመራማሪዎች በየሙያ ዘርፋቸው «የመረጃ ልውውጥ ቡድን» አቋቋሙ። አባሉ ያልታተመ ጽሑፉን ወደ ማዕከሉ ይልካል፤ ማዕከሉ አባዝቶ ለቡድኑ አባላት ሁሉ በፖስታ ያከፋፍላል። ገምጋሚ አልነበረም። ቡድኖቹ ሰባት ደረሱ፤ ተሳታፊዎቹ ከ3,600 በላይ፣ የተሰራጩት ልዩ ልዩ ጽሑፎችም ከ2,500 በላይ ሆኑ።

ሥራው ሰመረ፤ የጠላው የመጽሔቶቹ ዓለም ነበር። የሳይንስ መጽሔት ዋና አዘጋጅ ፊሊፕ አቤልሰን በ1966 አሠራሩን በርእሰ አንቀጽ ነቀፉ። በዚያው ዓመት የባዮኬሚስትሪ መጽሔቶች አዘጋጆች ቪየና ላይ ተሰብስበው በልውውጥ ቡድኖቹ አማካይነት አስቀድሞ የተሰራጨን ጽሑፍ እንደማይቀበሉ አስታወቁ። ተመራማሪ ያለ መጽሔት ሹመትም ዕድገትም አያገኝምና ውጤቱ የታወቀ ነበር፤ በ1967 ሙከራው ተቋረጠ። ሳይገመገም መሰራጨቱ ያሳሰባቸው አዘጋጆች እንደነበሩ አልክድም። ይሁን እንጂ የመጽሔቶቹ ጥቅምም ከጥራት ጥያቄው ጋር ተደባልቆ እንደነበር በዘመኑ ከተጻፈው መረዳት አያዳግትም።

በሀገራችን በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ፤ ቀንድ አውጣውም የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ነው። ያዩትን ለማሳወቅ ሙሉ ጥናት እስኪጠናቀቅ አልጠበቁም። በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ በርእሱ ራሱን «የመነሻ ሪፖርት» ብሎ የጠራ ነበር። እንዲህ ያለው አጭር ጽሑፍ በአዘጋጆች እጅ አልፎ በጊዜ የወጣና ገና ያላለቀ መሆኑንም በግልጽ የሚናገር ነው። ይህ መልክ ከመጽሔቶቻችን እየተመናመነ መምጣቱን ሳስብ ይቆጨኛል።

እስከ አሁን ያየነው የማሰራጨቱ ታሪክ ነው። የመከታተሉ ታሪክ ከሕግ ባለሙያዎች ይጀምራል። በአሜሪካ ከ1873 ጀምሮ «የሼፐርድ ማጣቀሻ» የተባለ መዝገብ ይታተም ነበር። ጠበቃው አንድን የቆየ የፍርድ ቤት ውሳኔ በመከራከሪያነት ከማቅረቡ በፊት መዝገቡን ይገልጣል፤ ውሳኔውን የጠቀሱትን የኋላ ፍርዶች ያያል፤ ጸንቷል ወይስ ተሽሯል የሚለውን ያረጋግጣል። የተሻረ ፍርድ ይዞ ችሎት መቅረብ ውርደት ነውና። ዩጂን ጋርፊልድ ይህን ሲያውቁ ለሳይንስም እንደሚሠራ ተገነዘቡ፤ በ1955 በሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጽሑፍም ሐሳቡን አቀረቡ። እዚህ ላይ የጤና ባለሙያ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ጋርፊልድ በዚያ ጽሑፍ ካስቀደሟቸው ዓላማዎች አንዱ የተጭበረበረ፣ ያልተሟላ ወይም ጊዜ ያለፈበት መረጃ ሳይመረመር እየተጠቀሰ እንዳይቀጥል፣ አንባቢው በቀደመው ጽሑፍ ላይ የተሰነዘረውን ትችት እንዲያገኝ ማድረግ ነበር። መዝገቡ የታሰበው ለማስጠንቀቂያ ነው ማለት ነው።

ጋርፊልድ ፊላደልፊያ ላይ ባቋቋሙት ድርጅት አማካይነት የሳይንስ ማጣቀሻ ማውጫ በ1960ዎቹ መጀመሪያ መታተም ጀመረ፤ የመጀመሪያው እትም 613 መጽሔቶችን ያካተተ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። ማን ምን አለ የሚለው ተዘንግቶ ስንት ጊዜ ተጠቀሰ የሚለው ጎላ። የማውጫው ባለቤቶች መጽሔቶችን ለመምረጥ የቀመሩት የተጽዕኖ መለኪያ የሰው መመዘኛ ሆነ። ቁጥር ግን ሙገሳንና ነቀፋን አይለይም፤ ስሕተቱ ተገልጦ መቶ ጊዜ የተጠቀሰ ጥናትና መቶ ሕይወት ያዳነ ጥናት በቆጠራው ዐይን እኩል ናቸው።

ሁለቱን መንገዶች ቀድመው ያገናኙት የፊዚክስ ባለሙያዎች ናቸው። በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ አክሰለሬተር ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ያልታተሙ ጽሑፎችን በኮምፒዩተር መመዝገብ የጀመረው በ1970ዎቹ ነው፤ ከየትኛው ጽሑፍ የትኛው እንደተጠቀሰም ይከታተል ነበር። በነሐሴ 1991 ፖል ጊንስፓርግ ሎስ አላሞስ ላይ በኢንተርኔት የሚሠራውንና ኋላ «አርካይቭ» የተባለውን ማከማቻ ከፈቱ።

ሕክምና ዘገየ። የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አዘጋጅ ፍራንዝ ኢንግልፊንገር በ1969 ያወጡት፣ አስቀድሞ በሌላ ስፍራ የወጣን ጽሑፍ ያለመቀበል ደንብ ለብዙ ዓመታት አጥር ሆኖ ቆየ። በ1999 የብሔራዊ የጤና ተቋማት ዳይሬክተር ሃሮልድ ቫርመስ ያልተገመገሙ ጽሑፎችንም የሚያካትት ማከማቻ ሐሳብ ሲያቀርቡ ይኸው ክፍል በተቃውሞ ወደቀ። ባዮአርካይቭ የተከፈተው በ2013 ነው፤ ለሕክምና የተለየው ሜድአርካይቭ ደግሞ በሰኔ 2019። ለመዘግየቱ በቂ ምክንያት እንደነበረ አምናለሁ፤ የፊዚክስ ሊቅ የተሳሳተ ቀመር ቢያሰራጭ ሕመምተኛ አይሞትም።

ሜድአርካይቭ ዓመት ሳይሞላው ወረርሽኙ መጣ። በሰኔ 2020 የብሪታንያው «ሪከቨሪ» ሙከራ የዴክሳሜታሶንን ውጤት በዜና መግለጫ አስታወቀ፤ ከስድስት ቀን በኋላ ጽሑፉ በሜድአርካይቭ ወጣ፤ በመጽሔት የታተመው በሐምሌ ነው። በቬንቲሌተር በሚተነፍሱ ሕሙማን ዘንድ በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት በመጀመሪያው ጽሑፍ መድኃኒቱን ካገኙት 29.0 በመቶ፣ ካላገኙት 40.7 በመቶ ነበሩ፤ በታተመው 29.3 እና 41.4 ሆኑ። ቁጥሩ በጥቂቱ ተስተካከለ፤ መልእክቱ ጸና። በየትኛውም ሆስፒታል የሚገኝ ርካሽ መድኃኒት በመሆኑም እነዚያ ሳምንታት ሕይወት ነበሩ።

የተገላቢጦሹም ደረሰ። በኅዳር 2020 «ሪሰርች ስኩዌር» በተባለ ማከማቻ የወጣ የግብፅ ጥናት አይቨርሜክቲን የኮቪድ-19ን ሞት እጅግ ይቀንሳል አለ። ጥናቶችን በአንድነት የሚያሰሉ ጽሑፎች አካተቱት፤ እነዚያን ደግሞ ሌሎች ጠቀሱ። በለንደን የሚማር አንድ ተማሪ የጥናቱን የመረጃ ሰነድ ሲመረምር ተገልብጠው የተደገሙ የሚመስሉ የሕሙማን መዝገቦች አገኘ፤ በሐምሌ 2021 ጽሑፉ ከማከማቻው ተነሣ። ካካተቱት የድምር ጥናቶች አንዱም ተሰርዞ አጠራጣሪዎቹ ጥናቶች ወጥተው እንደገና ሲሰላ፣ ታይቶ የነበረው ከሞት የማዳን ጥቅም በስታቲስቲክስ ሊረጋገጥ አልቻለም። ስምንት ወር ሙሉ ያ ጽሑፍ ሲጠቀስ የቆጠሩ ብዙ ነበሩ፤ ሰነዱን ከፍቶ ያየ ግን ጥቂት ነው።

የዛሬው አሠራር ከ1961ዱ የሚለይበት ነጥብ አለ። «ክሮስሬፍ» የተባለው ድርጅት ከ2016 ጀምሮ ላልታተሙ ጽሑፎችም ቋሚ መለያ ቁጥር ይመዘግባል፤ በመለያው አማካይነት የመጀመሪያው ጽሑፍ ከታተመው ጋር ይያያዛል፤ ከተነሣም የመነሣቱ ማስታወቂያ በዚያው ገጽ ይቀመጣል። የጋርፊልድ የመጀመሪያ ሐሳብ በከፊል እውን የሆነው በዚህ ነው፤ ገጹን ተመልሶ ለሚከፍት ሰው። ከመነሣቱ በፊት በወረቀት ታትሞ በጤና ጣቢያው መሳቢያ የተቀመጠ ቅጂ ግን ያን ማስታወቂያ አይዝም።