ሥርዓተ ልመት እና የአመጋገብ ትምህርት (ቦሌ እና ምሥራቅ አዲስ አበባ)

ይህ ለታዳጊ ተማሪዎች ምግብ በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚፈጭና ምን መመገብ እንደሚበጅ የሚያስረዳ የባዮሎጂ ትምህርት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ ስላደረገው፣ ተማሪው ጨጓራንና ቆሽትን በቤቱ በማይነገር ቋንቋ ያጠናቸዋል። በቦሌ፣ በገርጂና በሲኤምሲ ያሉ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ሳይንስን ከታችኛው ክፍል ጀምረው በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ። የአካል ክፍሉ ስም ተሸምድዶ አሠራሩ ሳይገባ እንዳይቀር በእጅ የሚሠራ ሙከራ ከሁሉም ይበልጣል።

ዳቦ ለረጅም ጊዜ ሲታኘክ መጣፈጥ ይጀምራል፤ በምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለ ኤንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር እየለወጠው ነው። በተቀቀለ ድንች ላይ አዮዲን ጠብ ሲደረግ ደግሞ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፤ ስታርች መኖሩ የሚታወቀው በዚህ ነው። ፕሮቲን መፈጨት የሚጀምረው በጨጓራ አሲድና ፔፕሲን በተባለ ኤንዛይም ነው። አብዛኛው ንጥረ ምግብ ወደ ደም የሚገባው በትንሹ አንጀት ሲሆን፣ የአዋቂ ሰው ትንሹ አንጀት 6 ሜትር ገደማ ይረዝማል።

የአመጋገቡ ክፍል ከተማሪው ምሳ ዕቃ ቢነሣ ይሻላል። የጤፍ እንጀራ በምስር ወጥ ብረት አለው፤ የሊጡ መቡካት ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሳል። ቃሪያ ወይም ሎሚ ሲጨመር ብረቱ በቀላሉ ወደ ደም ይገባል፤ ከምግቡ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ግን ያግዱታል። የወር አበባ ለጀመሩ ልጃገረዶች ይህ የብረት ጉዳይ በተለይ ሊነገር ይገባል። ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ በየሱቁ በሚገኝበት ሰፈር የስኳሩን መጠን ከማሸጊያው ላይ ማንበብም የትምህርቱ አካል መሆን አለበት። የጨውም መጠን እንዲሁ ሊነበብ ይገባል፤ የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲመገቡ ይመክራል።