ከጥፍር ስር ያለው ጥቁር፦ የቆዳ ካንሰርን ሳይቆርጡ የማየት ታሪክ

ዛሬ ምክሩን ከታሪክ እንጀምረዋለን። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1977 ቦብ ማርሌይ እግር ኳስ ሲጫወት የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ተጎዳ። ቁስሉ አልድን አለ። መጀመሪያ የኳስ ጉዳት ነው ተብሎ ነበር የታሰበው። በኋላ ሲመረመር ግን ከጥፍሩ ስር ሜላኖማ ተገኘ። ሜላኖማ ቶሎ ካልተደረሰበት ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚሰራጭ አደገኛ የቆዳ ካንሰር ነው። ሐኪሞች ጣቱ እንዲቆረጥ መከሩት፤ እሱ አልተቀበለም። ጥፍሩና ከስሩ ያለው ሥጋ ብቻ ተነሣለት። በ1980 ኒው ዮርክ ውስጥ ሲሮጥ ወደቀ፤ ካንሰሩ አንጎሉ ደርሶ ነበር። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ ከተጠመቀ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1981፣ በ36 ዓመቱ አረፈ። 60ኛ የልደት በዓሉ በ2005 በመስቀል አደባባይ ሲከበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ምን እንደገደለው የሚያውቅ ግን ብዙ አይደለም።

የሚያሳዝነው ከዚያ 91 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1886፣ ጆናታን ሃቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ይህንኑ ችግር ጽፎት መገኘቱ ነው። ጥፍር ዙሪያ መርቅዞ የማይድን ቁስል ሲመስል፣ አጠገቡ ያለው ቆዳ ከጠቆረ ሜላኖማ ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቀ። ከጥፍሩ አልፎ ወደ ዙሪያው ቆዳ የሚፈሰው ጥቁረት እስከ ዛሬ «የሃቺንሰን ምልክት» ይባላል። ይህን ለማየት ቢላም መርፌም አያስፈልግም፤ ዓይን ብቻ ይበቃል።

ዓይን ግን የቆዳን ላይ እንጂ ውስጡን አያይም። ምክንያቱ ብርሃን ነው፤ ቆዳ ላይ ያረፈው ብርሃን ተመልሶ ያብለጨልጭና ከስር ያለውን ይሸፍናል። በ1893 ፖል ኡና የተባለ ጀርመናዊ የቆዳ ሐኪም ቆዳ ላይ ዘይት ቢደረግበት ነጸብራቁ ጠፍቶ ወደ ውስጥ ማየት እንደሚቻል አሳየ። በ1920 ሌላው ጀርመናዊ ዮሃን ሳፊየር ዘዴውን «ደርማቶስኮፒ» አለው። በ1971 ደግሞ የግላስጎዋ ሐኪም ሮና ማኪ፣ አንድ ጥቁር ነጥብ ገር ይሁን አደገኛ ከቀዶ ሕክምና በፊት ለመለየት ዘዴው እንደሚጠቅም አሳየች። ዛሬ ደርማቶስኮፕ በኪስ የሚያዝ፣ አሥር እጥፍ ገደማ የሚያጎላ፣ መብራት ያለው መነጽር ነው። አያምም፣ አያደማም፣ ጨረር የለውም። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚጠቅመው በሠለጠነ ዓይን ብቻ ነው። ያልሠለጠነ ሰው ሲይዘው ከባዶ ዓይን የተሻለ ውጤት እንደማያመጣ በጥናት ታይቷል።

በ1985 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ የሚጠቀምበትን ደንብ አወጡ። የነጥቡ ሁለት ጎን አለመመሳሰል፣ የጠርዙ መሰነጣጠቅ፣ የቀለሙ መዘበራረቅ፣ ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ። በ2004 አምስተኛ ተጨመረ፦ መለወጥ። «ማርያም የሳመችው» የምንለው ነጥብ ሲያድግ፣ ቀለም ሲቀይር፣ ሲያሳክክ ወይም ሲደማ ማለት ነው። ጥሩ ደንብ ነው። ነገር ግን በዋናነት የተቀመረው ነጭ ቆዳ ላይ ከሚታየው ሜላኖማ ነው።

በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ሜላኖማ ብዙ ጊዜ አይከሰትም። ሲከሰት ግን በብዛት የሚበቅለው ማንም በማያየው ቦታ ነው፦ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ስር። ይህ ዓይነቱ ከፀሐይ ጋር ብዙም አይያያዝም። ስለዚህ «ጥቁር ነኝ፣ ፀሐይ አይጎዳኝም» የሚለው መጽናኛ እዚህ ላይ አይሠራም።

የእግሩን ቁልፍ ያገኙት ጃፓኖች ናቸው፤ በእነርሱም ዘንድ ሜላኖማ በብዛት የሚወጣው እዚያው ነውና። የውስጥ እግር ቆዳ ልክ እንደ ጣት አሻራ፣ እንደታረሰ ማሳ ትልምና ጉብታ አለው። ቶሺያኪ ሳይዳና ባልደረቦቹ በደርማቶስኮፕ ሲመለከቱ፣ ገር የሆነው ነጥብ በብዛት ቀለሙ በትልሙ ውስጥ ሲተኛ፣ የሜላኖማው ግን በጉብታው ላይ ሲሄድ አገኙት። በ2004 ባወጡት ጥናት ይህ ምልክት ከሜላኖማዎቹ 86 በመቶ ያህሉን ለይቷል፤ ገር ከሆኑት ውስጥ በስህተት የጠቆመው 1 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው።

ስለ ስልክና ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስም ትጠይቁኛላችሁ። በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 130 ሺህ ገደማ ፎቶ ያስተማሩት ኮምፒውተር፣ ፎቶ በመለየት ከ21 የቆዳ ሐኪሞች ጋር ተመጣጠነ። በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ግን እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች በጥቁር ቆዳ ላይ ይበልጥ እንደሚሳሳቱ አሳየ። ከተማሩባቸው ፎቶዎች ውስጥ የእኛ ዓይነት ቆዳ ጥቂት ነበር፤ ያላዩትን ከየት ያውቁታል? ስለዚህ የስልክ አፕ «ችግር የለም» ስላለዎት ብቻ አይቅሩ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለቤታችን ምን እንውሰድ?

በወር አንድ ጊዜ እግርዎን ሲታጠቡ ውስጥ እግርዎን፣ በጣቶችዎ መካከል ያለውንና ጥፍርዎን ይመልከቱ። ጎንበስ ማለት ለሚከብዳቸው እናትና አባትዎ እርስዎ ይዩላቸው። እንሶስላ ወይም የጥፍር ቀለም ካለ፣ ሲለቅ ጠብቀው ይዩ።

በእኛ ቆዳ ላይ በብዙ ጥፍሮች የሚታይ ቀጭን ጥቁር መስመር አብዛኛውን ጊዜ ተፈጥሯዊ ነው፤ አይደንግጡ። በአዋቂ ሰው አንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ መስመር ከወጣ፣ እየሰፋ ከሄደ፣ ጥፍሩን ከሰነጠቀው ወይም ጥቁረቱ ወደ ዙሪያው ቆዳ ካለፈ ግን ይታዩ። «ጫማ መታኝ»፣ «እንቅፋት ነው» የተባለ የእግር ቁስል በሁለት ወር ካልዳነም እንዲሁ።

ወላጆች፣ በልጆች ላይ ሜላኖማ እጅግ ብርቅ ነው። የልጅዎ ነጥብ ከልጁ ጋር ቢያድግ አብዛኛውን ጊዜ ጤናማ ነው፤ በፍጥነት ከተለወጠ ወይም ከደማ ያሳዩት። አልቢኒዝም ላለበት ልጅ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ቆዳው ከፀሐይ የሚከላከልለት ቀለም ስለሌለው በፀሐይ የሚመጣው የቆዳ ካንሰር በወጣትነቱ ሊያገኘው ይችላል። ሰፊ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ከሕፃንነቱ ያልምዱት። ፊቱ፣ ጆሮው ወይም አንገቱ ላይ ሻካራ ቅርፊት ወይም የማይድን ቁስል ካዩ አይዘግዩ፤ ባይታይም በየጊዜው የቆዳ ሐኪም ይየው።

አንድ ነገር ልጨምር። ደርማቶስኮፕ የሚነግረን የትኛው ነጥብ እንደሚያጠራጥር ነው፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ከቦታው የሚወሰደው ናሙና ነው። ሐኪም ናሙና ልውሰድ ካለዎት «ካንሰር ሲነካ ይሰራጫል» የሚለውን ወሬ ሰምተው አይሽሹ፤ እውነት አይደለም። ሜላኖማ ስስ ሆኖ ሲገኝ በቀላል ቀዶ ሕክምና ብቻ ሊድን ይችላል። ወደ ጥልቀት ከገባ በኋላ ግን መንገዱ ረጅምና ከባድ ነው።

ዛሬ ማታ ካልሲዎን ሲያወልቁ ሁለት ደቂቃ ይስጡት። ለሚወዱት ሰውም ያካፍሉ።

ጤናዎ ይብዛ።