እንጆሪና ራስቤሪ

በሆሞሻ ለተማሪዎች «ራስቤሪ ፓይ» የተባለችውን፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ኮምፒውተር በማሳይበት ጊዜ፣ አንድ የቤርታ ልጅ የስሟን ትርጉም ጠየቀኝ። «እንጆሪ» አልሁት። ወዲያው በመጽሐፍ ያየውን ስትሮቤሪ ሣለልኝ።

ስሕተቱ የእርሱ አልነበረም። እንጆሪ በደጋው አገራችን በአጥርና በወንዝ ዳር የሚበቅለው እሾኻማ ቁጥቋጦ፣ እረኞች የሚለቅሙትም ፍሬ ስም ነው፤ ራስቤሪም የዚሁ ወገን ነው። ስትሮቤሪ ግን በ18ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ አገር ከሰሜንና ከደቡብ አሜሪካ ዝርያዎች የተዳቀለ እንግዳ ነው። ወደ ከተማ ገበያችን ሲገባ የእረኞቹን ቃል ወሰደ፤ የስሙ ባለቤትም «የዱር እንጆሪ» ተብሎ ቅጥያ የሚያሻው ሆነ።

እንግሊዞችም ቃሉን አላሳረፉትም። በከንፈር የሚወጣውን የንቀት ድምፅ ራስቤሪ ይሉታል (ምክንያቱን በዚህ መጽሔት ለመግለጽ ጨዋነት ይከለክለኛል)። ኮምፒውተሯን በ2004 ዓ.ም. ለገበያ ያቀረቡት ሰዎች ደግሞ የኮምፒውተር ድርጅቶችን በፍራፍሬ ስም የመጥራትን ልማድ ተከተሉ፤ «ፓይ» የተወሰደው ፓይተን ከሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። እኛ መሐንዲሶች እንጆሪ ብንላት አንባቢው ሌላ ፍሬ ይረዳልና፣ ባዕዱን ቃል እንዳለ ከመጻፍ በቀር መንገድ አልቀረልንም።

ለልጁ እሾኹን ጨምሬ እንደ ገና ሣልሁለት። እንዲህ ያለ ፍሬ በሰፈሩ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝና በደብተሩ «ራስቤሪ» ብሎ ጻፈ።